የሸክላው አራተኛ ገጽ

ጥቅምት 9

ለሐዘንተኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከአንዲት ዓረፍተ ነገርሽ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ሳሚልኝ ብላለች። እሷ ትስማሽ፤ እኔ ዛሬ አልስምሽም።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ስለ አዲሱ ክፍልሽ ስትጽፊ፣ "የድሮውን መጋረጃ ስጥለው ታናሽየዋ የሟቿን መጋረጃ ስትቀድ የሚሰማው ድምፅ ትዝ አለኝ" ብለሻል። አነበብኩት። ደገምኩት። ከዚያ ተነሥቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ሸክላዬን አወጣሁት። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ታዲያ የትኛዋ ታናሽ ናት? የማንን መጋረጃ ነው የቀደደችው? በጀርባው የተጻፈችውን አጭር ታሪክ እኔም አንብቤያታለሁ። አንዲት የቤት እመቤት ትሞታለች፣ ነፍሷ ግን ከግድግዳው አልወጣ ትላለች፤ ታናሽ እህቷ መጥታ ቤቱንም ባልዮውንም ትይዛለች። በሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ ሙሉ የሚዘፈነው ይሄ ነው። ስለ መጋረጃ ግን አንድም ቃል የለም።

ሰምተሽዋል ማለት ነው።

"የሥራ ፈረቃዬ እስኪስተካከል እንዳትከፍቺው፣ እሑድ መርጠን እኩል እንሰማዋለን" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም እንደ ሞኝ ቆልፌበት፣ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ሳገኝ ጆሮዬን ይዤ እየሸሸሁ፣ የሸክላ ሻጩ "እንዴት አገኘሽው?" ሲለኝ "ገና ነው" እያልኩ ከረምኩ። ሰውዬው ገንዘብ አጥታ መልሳ ሸጣዋለች ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ሕጋችንን ላስታውስሽ እንዴ? ከትምህርት ቤት ጀምሮ አዲስ ሸክላ ሲመጣ መስኮት እንዘጋለን፣ ወለሉ ላይ ራስ ለራስ ገጥመን እንተኛለን፤ የአንቺ እግር ወደ በሩ፣ የእኔ ወደ መስኮቱ። እስኪያልቅ ትንፍሽ የሚል የለም። ሲያልቅም አናወራም፣ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንለዋወጣለን። እዚያ ከሄድሽ በኋላ እንኳ በአንድ ሰዓት መርፌውን እያስቀመጥን ሁለት ሸክላ ሰምተናል። እንደ ሁሉም የሄቪ ሜታል ወዳጅ ጥቁር በጥቁር ለብሰን ስናልፍ ጎረቤቱ ሁሉ "ማን ሞቶባችሁ ነው?" እያለ ሐዘንተኞቹ ብሎ ስም ሲያወጣልን በሳቅ የፈረስነው ሁለት ስለነበርን ነው። ብቻውን ጥቁር የለበሰ ሰው እኮ እውነትም ሐዘንተኛ ነው።

የማልደውልልሽ፣ በስልክ ስትስቂ የተናደድኩበት ነገር ስለሚጠፋኝ ነው። በጽሑፍ መልሺልኝ። ብቻሽን ከሰማሽው ትንሽ አኩርፌ እተውልሻለሁ። ከሰው ጋር ከሆነ ግን ከማን ጋር እንደሆነ ንገሪኝ። ነገር አታዙሪ። ለዓመት በዓል እረፍት ወደ ቤት ትመጪ እንደሆነም ጻፊልኝ።

ዛሬ ቤተ ሙከራው ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ የላይ ጥርስ ስሠራ ውዬ አንዱን የፊት ጥርስ አጣምሜ ተከልኩት። በአንቺ ምክንያት ነው።

ጥርስ ሠሪዋ


ጥቅምት 24

ለጥርስ ሠሪዬ፣

ይቅርታ። ከሰላምታው ያስቀደምኩት ሰላምታዬን እንደማትቀበይው ስለማውቅ ነው። አሁን እንደምን አለሽ? የእማማ ጉልበትስ? ያ ሽማግሌ ጥርሱ ተስተካከለለት?

አዎ፣ ሰምቼዋለሁ። ብቻዬንም አልነበርኩም።

በዚያ ሳምንት አንድ ሆቴል ውስጥ የሊፍት ገመድ ስንቀይር ነበር። ሦስት ወንዶች ከላይ ቆመው ያዙኛል፣ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ። ስወጣ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው፣ ጆሮዬ ጭው ብሏል። ቤት ስገባ ሰው መጣብኝ፤ ሸክላውን ጠረጴዛ ላይ አይቶ "ይሄ ምንድነው?" አለኝ። አይከፈትም አልኩት። "ለምን?" አለኝ። ምክንያቱን ስነግረው ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ዝምታው ነው ያሸነፈኝ። ቢለምነኝ ኖሮ አልከፍትም ነበር።

ማን እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፣ ሊፍቱን ከምጠብቅለት ሕንፃ አንዱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። የምትቀኚበት ዓይነት አይደለም። ክራባት ያደርጋል።

ስለ ሙዚቃው ላለመናገር ምያለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ብዬ አፌን ልዝጋ፤ ከባንዱ የሚያጓራው ዘፋኝ ለቋል፣ በምትኩ የገባችው ሴት ናት። ሟቿን የምትዘፍነው እሷ ናት፤ ሲጀምር እኔ ራሴ ወንድ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ እንዳለቀ ሰውዬው መብራቱን አብርቶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ሻል አለው?" ብሎ አይጠይቀኝም! ሴት እኮ ናት ስለው "እሺ፣ ሻል አላት?" አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሳቅሁበትም ከፋኝ፣ ምክንያቱም አጠገቤ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም።

ለሌላው ጥያቄሽ፣ ለዓመት በዓል እረፍት ወደ ቤት እመጣ እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፣ በሚቀጥለው ደብዳቤ እመልስልሻለሁ። አሁን ፈረቃ ልገባ ነው።

ይቅርታ፣ ደግሜ።

ሐዘንተኛሽ


ኅዳር 6

ቆጣሪው ነው!

ሰላምታ የለም። "ሻል አለው?" የማን ንግግር ነው? የእናቴ! እኛ ወለል ላይ ተጋድመን ስናዳምጥ፣ እማዬ በበሩ ቀዳዳ "ያ የሚያጓራው ሰውዬ ሻል አለው?" እያለች ነበር የምታልፈው። ይህች ነገር ከቤታችን ወጥታ አታውቅም። የሚያውቋት እማዬ፣ እኔ፣ አንቺና አንድ ሌላ ሰው ናቸው። እማዬ በዚያ ጉልበቷ እንኳን አንቺ ያለሽበት ከተማ፣ ሱቅም አትደርስ። እኔ እዚህ ጥርስ እየሞረድኩ ነው። የቀረው ክራባት የሚያደርገው ታላቅ ወንድሜ ነው።

ዘፈኑ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ኮሪደሩ ላይ ሄዶ መብራቱን ከቆጣሪው ሲያጠፋብን የኖረው! ሸክላው እየዘገመ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ ሊታረድ እንደተጣለ በሬ ሲያቃስት፣ እኔ በሩን በርግጄ ወጥቼ ስሰድበው፣ አንቺ ወለሉ ላይ እንደተኛሽ ትስቂ የነበረው! ቆጣሪው ብለሽ ስም ያወጣሽለት አንቺ ራስሽ አይደለሽም?

ይህን ቃል ስትጽፊ ረስተሽው ነው ወይስ እንዳውቅ ፈልገሽ? እውነቱን ንገሪኝ። ከረሳሽው ቤቴን ረስተሻል ማለት ነው። እንዳውቅ ፈልገሽ ከሆነ ደግሞ አፍ አውጥተሽ መናገር ነበረብሽ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ማን እንደላከው ነው። ስትሄጂ "ጓደኛዬ እናንተ ከተማ ሥራ ይዛለች፣ ስፒከሯን ተሸክመህ ፎቅ አውጣላት፣ ብቸኝነት እንዳይሰማት ብቅ በልላት" ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ! እሱ እኮ ለእኔ በዓመት አንዴ ነው የሚጽፈው፤ እሱንም የሚሠራበት ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ያለበት ካርድ ላይ። ለአንቺ ግን ፎቅ ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ያሥቃል። የእኔ ወንድም፣ የእኔ ጓደኛ፣ የእኔ ሸክላ። በየትኛችሁ እንደምቀና እንኳ ግራ ገብቶኛል፤ ተራ አስይዤ በሁላችሁም እየቀናሁ ነው።

በሚቀጥለው ብለሽ ያለፍሽውን ጻፊልኝ። ሙሉውን።

ጥርስ ሠሪዋ


ኅዳር 21

ለጥርስ ሠሪዬ፣

እንዳውቅ ፈልገሽ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ። ጽፌ ልሰርዘው እስክሪብቶውን አንሥቼ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ሰላሳ ፎቅ ጉድጓድ ላይ የምንጠለጠለው እኔ፣ አንቺን ግን እፈራለሁ።

ሙሉውን ልንገርሽ። ስፒከሩን ተሸክሞ ሲያመጣ ደረጃው ላይ አስቀምጦ "ይሄ ጩኸት አሁንም አልተዋችሁም?" ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብቅ አላለም፣ እኔም አልጠበቅኩትም። አንድ ቀን እሱ የሚሠራበት ሕንፃ መብራት ሄዶ ሰው ሊፍት ውስጥ ቀረ ተብዬ ተጠራሁ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መካከል ነው የቆመው። የላይኛውን በር በመክፈቻው ፈልቅቄ ባትሪ ላበራ ስል ከታች፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሰው ያንጎራጉራል። ምን ነበር መሰለሽ? የመጀመሪያው ሸክላችን ላይ ያለውን የረጅሙን ዘፈን የባስ ጊታር። እኛ ሸክላ ላይ ያለውን ጭረት ታውቂያለሽ፣ መርፌው የሚዘልበትን። እሱም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዘለለው።

ከሌላ ቦታ ቢሰማው ኖሮ አይዘለውም ነበር።

ካወጣሁት በኋላ አፋጠጥኩት። እኛ ውስጥ ስንሆን በሩ ላይ ተደግፎ ወለል ላይ ይቀመጥ ነበር ለካ፤ ሁልጊዜ፣ እስኪያልቅ። "አንድ ቀን እንኳ ግባ አላላችሁኝም" አለኝ። መብራቱንስ ለምን ታጠፋ ነበር ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቀንቼ። መብራቱ ሲጠፋ ነበር እህቴ ከክፍሏ ወጥታ የምታናግረኝ። ስድብም ቢሆን።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን ትገምቺዋለሽ። ለዓመት በዓል የማልመጣው ልንጋባ ስለሆነ ነው። በጥር መጨረሻ፣ እዚሁ፣ ትንሽ ሰው ጠርተን። ለእማማ እሱ በስልክ ከሚነግራት አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ብትነግሪያት ይሻላል ብሏል። ደፋር መስሎሽ ይሆናል፣ አንቺን ፈርቶ ነው። እኔም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን እመኚኝ። ሦስተኛው ገጽ ሲያልቅ መርፌውን አነሣሁ። "ለምን?" አለኝ። "አራተኛው የእሷ ነው" አልኩት። እስከ ዛሬ አልሰማሁትም። እሱም አልሰማም። እንዴት እንደሚያልቅ ማናችንም አናውቅም።

ትመጫለሽ አይደል?

ሐዘንተኛሽ


ታኅሣሥ 10

ለወንድሜ እጮኛ፣

እንዲህ ብዬ ስጽፍ እጄ እንዴት እንደከበደው ብታይ።

ለእማዬ ነገርኳት። በዚያ ጉልበቷ ከወንበሯ ብድግ አለች! "ድሮም ልጄ ናት፤ አሁን በወግ መጣች" ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ስልክ ስትደውል ዋለች። እኔን ደስ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ደስ ይላታል ተብሎ ታስቦልኛል።

በማግስቱ ሸክላውን ከፈትኩት። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱ ክፍት፣ ጫማዬ እግሬ ላይ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። እናንተ ሕግ ከጣሳችሁ እኔ ለማን ብዬ ነው ወለል ላይ የምጋደመው? በንዴት ሰምቼ፣ አልወደድኩትም ልልሽ ነበር ያሰብኩት።

መጀመሪያ ኦርጋን ብቻ ነው። በጣም ስለቆየ ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ተነሣሁ። ልክ ስነሣ ጊታሮቹ ዕቃ የተሞላ መደርደሪያ እንደሚናድ ተናዱብኝ፤ መልሼ ቁጭ አልኩ። ቀብሩ ነው። ከበሮው ቀስ ብሎ፣ ሬሳ እንደተሸከመ ሰው ይራመዳል። ሟቿ ለረጅም ጊዜ ቃል አታወጣም፣ ታጓራለች ብቻ። ያጓራ ሁሉ የተቆጣ ይመስላቸዋል ይህን ሙዚቃ የማያውቁ። እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የሰማሁት ልመና ነው። ጮክ ብላ ብትለምን ስለምታፍር ነው የምታጓራው። ለካ እስከ ዛሬ እንዲህ ብዬ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ታናሽየዋ መጣች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ክፋት የላትም፣ ይኸው ነው የሚያናድደው። መስኮት ትከፍታለች፣ መጋረጃ ትቀዳለች፣ እየዘፈነች። ቫዮሊኑ ይከተላታል። በሥሯ ደግሞ ሟቿ ያንኑ ዜማ ትይዛለች፣ ግን አንድ ምት ዘግይታ፤ ከኋላ ከኋላ የሚሄድ ሰው ኮቴ ይመስላል። ይህን ሰምተሻል? አንቺ ሳትሰሚው አትቀሪም። ቆጣሪው ግን አይሰማውም፤ በዚህ እንኳ ልብለጠው።

ሦስተኛው ገጽ ሠርጉ ነው፣ መቼም ይህን አትረሺውም። ከበሮው ፍጥነቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንድ ወጥ ድምፅ ይሆናል፣ መዘምራኑ ይጮሃሉ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው ስትይ ድንገት ሁሉም ቀጥ ይላል። ከሩቅ ትንሽዬ የጭፈራ ዜማ ብቻ ትቀራለች። እንግዶቹ እየጨፈሩ ነው፤ እኛ የምንሰማው ግን ከግድግዳው ውስጥ ሆነን፣ ከሟቿ ጋር ነው። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ለሟቿ አይደለም ያለቀስኩት።

እውነቱን ልንገርሽ? እቀናለሁ። በእሱ እቀናለሁ፣ እሑድ እሑድ አንቺን ስለሚያገኝ። በአንቺም እቀናለሁ፣ ለእኔ ያልነገረኝን ነገር ሁሉ ለአንቺ ስለነገረሽ። በሩ ሥር ይቀመጥ እንደነበር እኔ እህቱ ከአንቺ ልስማ? በዚያ ሊፍት እንኳ እቀናለሁ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ይህን ሙዚቃ አብሮኝ የሚሰማ አንድም ሰው የለኝም፣ ታውቂያለሽ። ሥራ ቦታ ጥርስና ጄሶ፣ ቤት እማዬ። አንድ አንቺ ነበርሽኝ። አሁን አንቺ መስኮት ትከፍቻለሽ፣ እኔ ግድግዳው ውስጥ ነኝ።

አራተኛውን አልሰማሁትም። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አጨራረሱን ፈርቼ ነው።

እንኳን ደስ ያላችሁ። እማዬን አሳፍሬ እልክላችኋለሁ። እኔ አልመጣም፤ ብዙ ጥርስ ቀጠሮ ይዞብኛል።

ጥርስ ሠሪዋ


ታኅሣሥ 24

ለጥርስ ሠሪዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእሱ አላሳየሁትም፤ የኔና የአንቺ ነው።

አንድ ምት ዘግይታ የምትሄደውን ሰምቻታለሁ። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ቀድሞ የሰማት እሱ ነው። "ይቺ እኮ ከበሩ ውጭ ናት" አለኝ። ስንት ዓመት ከበሩ ውጭ የሰማ ሰው፣ እንዴት አያውቃት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምትደርስሽን ጥቅል ቀስ ብለሽ ክፈቻት። የእኔ ሁለተኛ ሸክላ ናት፤ ሦስተኛውና አራተኛው ገጽ። በሊፍት መለዋወጫ ካርቶን ውስጥ፣ በስፖንጅ ጠቅልዬ ነው የላክኋት፣ አትሰበርም። አሁን እኔ ዘንድ አራተኛ ገጽ የለም። ሁለቱም አንቺ እጅ ናቸው። ካልመጣሽ እኔ ይህን ታሪክ ሳልጨርሰው እኖራለሁ፤ ሌላ አልገዛም፣ ከሰውም አልሰማም።

ሠርጉ ጥር 27 ነው። አልለምንሽም፤ አንቺን መለመን ይበልጥ እንደሚያስኮርፍሽ አውቃለሁ። ግን ራስሽን ሟቿን አታድርጊ። ሟቿን በዚያ ቤት ውስጥ የጠራት ሰው አልነበረም። እኔ እየጠራሁሽ ነው።

ሐዘንተኛሽ


ጥር 9

ለሐዘንተኛዬ፣

ጥቅሏ ደርሳለች። አልተሰበረችም። አንቺ ግን ዕብድ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር በፖስታ ይላካል?

እንመጣለን፣ እማዬና እኔ። ሸክላዎቹን ሻንጣ ውስጥ አላስገባም፣ ጭኔ ላይ ይዣቸው እመጣለሁ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ከመልበስሽ በፊት ይሁን ከለበስሽ በኋላ ግድ የለኝም፣ አንድ ክፍል ይዘጋልን። ሚዜም፣ ፀጉር ሠሪም፣ እናትም አይግባ። ወንድሜ ደግሞ ከቆጣሪው አካባቢ ይራቅ። ቢያጠፋው እሳት ለብሼ ነው የምወጣው፣ ሙሽራ ነው ብዬ አልምረውም።

ቀጠሮ የያዘብኝን ጥርስ ሁሉ ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

ጥርስ ሠሪዋ


የካቲት 11

ለሐዘንተኛዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? "ችሁ" እያልኩ መጻፍ ልማድ ይፈልጋል፤ ታገሺኝ። በሰላም ገብተናል። እማዬ ጉልበቷ ከሠርጉ ወዲህ ተሽሎኛል ትላለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ስታወራ ውላ ማታ ግን ታቃስታለች።

ስለዚያ ጠዋት ምን አሰብሽ ላልሽኝ፣ መኪናው እየጠበቀ ስለነበር ዓረፍተ ነገሬን ሳልሰጥሽ ወጣሽ። የአንቺን ግን እጄ ውስጥ ጨምቀሽልኝ ሄደሻል። "ቦታ ለቀቀችላት" ይላል። የእኔም ያው ነው ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን አስረዝሜዋለሁ።

በሙሽራ ልብስሽ ወለል ላይ ስትጋደሚ ያንን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ዙሪያዬ ሳየው ሳቄን አፍኜ ነበር። ከእኛ አንዷ ነጭ ለብሳ ስትተኛ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ መርፌው ወረደ፣ ሳቁም ጠፋኝ። እስቲ ያንን የመጨረሻውን አስቢው። ሟቿ ማጓራቷን አልተወችም፣ ሰውም አላባረራትም፤ ዜማው ላይ ትንሽ በትንሽ ደረሰች እንጂ። ዘግይታ ከኋላ የነበረችው ከታናሿ አጠገብ መጣች። ያን ጊዜ ታናሽየዋ መሐል ላይ ዘፈኗን አቆመችና ቦታውን ባዶ ተወችላት። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በሸክላ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ሟቿ ዝምታው ውስጥ እስክትገባ ድረስ ትንፋሼን ያዝኩ።

አሁን የምነግርሽን አትክጂኝ። በዚያ ዝምታ ላይ ዓይኔን ገለጥኩ። በሕጋችን አይፈቀድም፣ ግን ገለጥኩ። ፊትሽን ከላዬ ተገልብጦ አየሁት፤ ፈገግ ብለሻል። በሙዚቃው አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የእሱ አዲስ ጫማ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ ዝምታ ለሟቿ ተትቶ፣ አንቺ የባልሽን ጫማ ሰማሽበት! እዚያው እንደተኛሁ አንጀቴ እርር አለ። አሁንም ሳስበው እርር ያደርገኛል፤ አልደብቅሽም።

ከዚያ ጫማው ቆመ። በሩ ላይ አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማ፤ በጀርባው ተደግፎ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ በዚያ አዲስ ሱፉ። ያንን ድምፅ ሳውቀው ደነገጥኩ። ልጅነቴን ሙሉ ሸክላ በሰማን ቁጥር እሰማው ነበር እኮ! የበሩ እንጨት የሚሰነጠቅ ነበር የሚመስለኝ። እማዬን እንኳ "ይሄ በር ይታይ" ብያት አውቃለሁ። አንድ ቀን ተነሥቼ ከፍቼ አላየሁም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እማዬ ያንቀላፋች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ "ያቺ የምታጓራው ሻል አላት?" አለችኝ። "ትንሽ" አልኳት።

ሁለተኛ ሸክላሽን መልሼ ልኬልሻለሁ፣ በዚያው በካርቶንሽ። የሸክላ ሻጩ እንዳለው የባንዱ ሰዎች ሌላ ሸክላ እየሠሩ ነው። ሲወጣ እንደ ድሮው ላስቲኩን ሳልቀድ እጠብቅሻለሁ፤ አንቺም ጠብቂኝ። ወንድሜን ግን አስገቢው። በሩ ሥር እየተቀመጠ ስንት ሱፍ ይጨርሳል? ሕጉን ንገሪው፤ መብራት አይነካም፣ ትንፍሽ አይልም፣ ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ በራሱ እጅ ለእኔ ይልካል። ደግሞ ራሳችን አጠገብ እንዳይመጣ። እግርጌ ነው የሚተኛው።

ጥርስ ሠሪዋ ሐዘንተኛሽ